ደም ያለው ማነው?

የበደለችኝ የጡት እናቴ የበኩር ልጅ ናት። የበደለችኝም በእናታችን የአርባ ተዝካር ቀን፣ ጣልያን ሊገባ አንድ ክረምት ሲቀረው፣ ከጊዮርጊስ በስተጀርባ በነበረው ግቢያችን፣ ዳስ ሙሉ ሰው እየሰማ ነው። «አባቷ አጎቴን በጥይት ገደለ፤ እሷ ደግሞ እናቴን በደሟ ገደለች» አለች። ጎራሹ ጉርሻውን እንደ ያዘ ቀረ። አንድም ሰው «ተይ» አላላትም።

እሷም ዛሬ የለችም። በሕይወት ሳለች ጽፌው ብታነበው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ፊደል አልቆጠረችም። እኔን ዳዊት ያስደገመችኝ እናቷ ናት። ይህም አንዱ ቅሬታዋ ነበር።

እናቴ የምላት የወለደችኝን አይደለም። የወለደችኝን መልኳን እንኳ አላውቀውም። አባቴ በአገር ቤት በድንበር ጠብ አንድ ሰው ገደለ። ሽማግሌዎች ገቡና ደሙ እንዲደርቅ፣ ሁለቱ ቤት እንዳይተላለቅ፣ የገዳዩ ልጅ ለሟቹ እህት የጡት ልጅ ትሁን ብለው ፈረዱ። ልጅቱ እኔ ነኝ። የሟቹ እህት ጡቷን ማር ቀብታ ወደ አፌ አስጠጋችው፤ እኔም ሳብሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሆነች። ወንድሟን የገደለባትን ሰው ልጅ አቅፋ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰዳት ጠይቄያት አላውቅም። እሷም ነግራኝ አታውቅም።

ባሏ አዲስ አበባ ሹመት ስላገኘ ሁላችንንም ይዞ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ያኔ ፒያሳ የሚባል ስም አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ አራዳ ነው። ገበያው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ይቆም ነበር። እናቴ ጧፍ እየሠራች ለተሳላሚ ትሸጥ ጀመር። ፈትሉን በቀለጠ ሰም ትነክራለች፣ ክንዷን ከራሷ በላይ ዘርግታ ግድግዳ ላይ ባለው ካስማ ትሰቅለዋለች፣ ሲረጋ አውርዳ እንደገና ትነክራለች። ቤታችን ሁልጊዜ ሰም ሰም ይሸት ነበር። እኔ ፈትል አቀብላለሁ። እትዬ፣ ልጇን ማለቴ ነው፣ ገበያ ወጥታ ትሸጣለች።

እውነቱን ለመናገር እትዬ ክፉ አልነበረችም። ሹሩባ የምትሠራልኝ እሷ ነበረች፤ ጣቷም አያምም ነበር። ስትቆጣ ግን «አንቺ ማር ላሽ!» ትለኛለች። ጡት አልጠባሽም፣ የላስሽው ማር ነው ማለቷ ነው። እናቴ ስትሰማ፣ «እሷስ ማር ላሰች፤ ያንቺ አፍ ታዲያ ምን ልሶ መረረ?» ትላታለች። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር።

እናቴ ጡቷ ላይ የወጣባትን እባጭ ከኛ ደብቃ የኖረችው ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ነጠላዋን ከቀኝ ጡቷ ላይ አትገልጥም ነበር። እንጦጦ ጸበል ወጣች። ወጌሻ በብረት ተኮሳት። በመጨረሻ እባጩ አፍ አወጣና ቀሚሷን በደም ያርስ ጀመር። ከንፈሯ እንደ አመድ ሆነ፤ ከጧፉ መስቀያ እስከ መደቡ ለመድረስ ግድግዳ ትይዝ ነበር። ጎረቤታችን፣ ጠጅ ቤት የነበራት ሴት፣ የፈረንጅ ሐኪም ቤት ይሂዱ አለች።

«ፈረንጅ ይቆርጣል እንጂ ይፈውሳል ሲባል አልሰማሁም» አለች እትዬ።

«ይቁረጠዋ» አለች እናቴ። «ከእንግዲህ ማንን ላጠባበት ነው?»

ሐኪሙ ጡቷን አየ፣ ብብቷን ዳበሰ፣ የዓይኗን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ውስጡን ተመለከተ። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል የነገረን ይህን ነው፤ በሽታው ነቀርሳ ነው፣ ጡቱን ከነሥሩ ማውጣት ይቻላል፣ ነገር ግን እንዲህ ደሟ አልቆ ከቆረጣት ከጠረጴዛው አትነሣም። በማግስቱ ዘመዶቿ ይምጡ አለ።

በማግስቱ በሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ እትዬ፣ እኔ፣ ጠጅ ሻጯ ጎረቤታችን፣ እንዲሁም የእናቴ ባል ወንድም የሆኑት ሽማግሌ፣ ሁላችንም በማዕረጋቸው ባላምባራስ የምንላቸው። አስተርጓሚው ከሰሜን የመጣ ወጣት ነው፤ ሚሲዮን ያሳደገው። ልብሱ ንጹሕ፣ አማርኛው ጎርባጣ። ወጣና ፊታችን ቆመ።

«ከእናንተ መካከል ከበሽተኛዋ ጋር ደም ያለው ማነው?»

እኛ አገር ዘመድ የሚቆጠረው በሥጋና በአጥንት ነው። ደም የጠብ ስም ነው። በሁለት ሰዎች መካከል ደም አለ ከተባለ የሞተ አለ፣ ያልተበቀለም አለ ማለት ነው። ልጁ ይህን አላወቀም። ከፈረንጁ አፍ የሰማውን ቃል እንዳለ አመጣው።

ባላምባራስ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «ምን አልህ አንተ?»

«ደም ያለው ጌታዬ። ሐኪሙ እሱን ነው የሚፈልገው።»

«እኛ ከማንም ጋር ደም የለንም! የነበረውም በሽማግሌ ደርቋል። አንተ አስተርጓሚ ነህ ወይስ ነጭ ለባሽ?»

«ጌታዬ፣ ደም ያለው ካልተገኘ እኮ ትሞታለች።»

«ጭራሽ! የታመመችን ሴት በደም ሊያስይዝ!»

«ኧረ ይቀመጡ ባላምባራስ» አለች ጎረቤታችን። «ልጁን አማርኛውን ፈረንጅ አላምጦ ነው ያጎረሰው፤ ምን ያድርግ።»

ያን ጊዜ እትዬ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ፈገግ ብላ ነበር። «ደም ያለባትን ከፈለግህ ያቻት» አለችው።

ልጁ ደስ አለው። «እንግዲያው እሷ ትቅደም» ብሎ እጄን ያዘ። ሊቀልዱብኝ የተናገሩት ስድብ እንዲህ አድርጎ ወደ ውስጥ አስገባኝ።

በሩ ላይ ሳንደርስ እትዬ ገባት። «ቆይ! የሥጋ ዘመድ ማለትህ ነው እንዴ?» አለች።

«እሱን ነዋ።»

«ታዲያ የወለደቻት ልጇ እኔ ነኝ! እሷ ምናችን ናት?»

ሁለታችንንም ጣታችንን ወጉን። ሐኪሙ በመስተዋት ላይ የእናቴን ደም ከእትዬ ደም ጋር፣ በሌላው ደግሞ ከእኔ ጋር ቀላቀለ። አጎንብሼ አይቻለሁ። የእትዬ እንደ ተበላሸ ወተት ቋጠረ። የእኔ ግን አንድ ሆኖ ተዘረጋ።

«የእርስዎ ደም ከእናትዎ ደም ጋር አልተስማማም» አላት አስተርጓሚው። «ይጣላል። የእሷ ይስማማል።»

«እኔና እናቴ ተጣልተን አናውቅም!»

ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። ምላሷ የአራዳ ምላስ ነው፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። «የእናትሽስ እሺ፤ እንግዲህ አባትሽን ነዋ መጠየቅ!» አለች።

በረንዳው ላይ ያለው በሽተኛ ሁሉ ሳቀ። ባላምባራስ የሞተው ወንድማቸው ስም እንደ ተነሣ ስለገባቸው ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ አልሳቀችም። ሐኪሙ ሳቁን ሰምቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ሲነግሩት ተቆጣ። የልጅ ደም ከእናቷ ደም ጋር አለመስማማቱ የተለመደ ነው፣ ስለ አባት የሚለው ነገር የለም አለ። አስተርጓሚው ተረጎመው፤ ማንም አልሰማውም። እኔ ግን ሰምቼ ቤት እንደገባን ነገርኋት። «አንቺ ዝም በይ» አለችኝ። ደግሜ ነገርኋት። «አንቺ ማር ላሽ፣ ዝም በይ አልሁሽ» አለችኝ። ይህን ጊዜ ግን ድምፅዋ እንደ ቀድሞው አልነበረም።

ዛሬ ሳስበው ክፉው ነገር የጀመረው እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ሰው በጠላቱ ፊት ከሚዋረድ በዘመዱ ፊት መዋረዱ ይብሳል። እናቷን ለማዳን እጇን የዘረጋች ልጅ ናት፤ እጇን መለሱባት፣ አባቷንም ጨምረው ወሰዱባት። ይህን አውቅላታለሁ። ማወቅ ግን ይቅር ማለት አይደለም።

ሌላም መንገድ ሞከረች። የእናታችንን የንስሐ አባት ጠርታ፣ «አባቴ፣ ደም አትብሉ ተብሎ የለም ወይ?» አለቻቸው።

«በአፏ ነው የምትቀበለው?» አሉ።

«በክንዷ ነው ይላሉ።»

«እንግዲያ ክንድ አይጾምም» አሉና መስቀል አሳልመው ሄዱ።

ሁለት አልጋ ጎን ለጎን አደረጉ። እናቴ ግራ ክንዷን ዘረጋች፣ እኔ ቀኙን። መርፌው ወፍራም ነበር። በመካከላችን ሐኪሙ ተቀምጦ በብርጭቆ መሣሪያ ከእኔ እየሳበ ለእሷ ይገፋል። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ የፈራሁት ግን ለራሴ አልነበረም። ጥቂት ሲገባላት ብርድ ብርድ አላት፤ አልጋው ከእሷ ጋር ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ ቆመ፣ የእጇን ትርታ ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሯ ቀላ። አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ እያየ ቀላ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ያጠባሁሽ ማር ብቻ ነው» አለችኝ። «ጡቴ ደርቆ ነበር። ይህን ያህል የሚያስከፍል አይደለም።»

«ዝም በይ እማዬ፣ ሐኪሙ አትናገሩ ብሏል።»

«እሱ በምን አማርኛ ይሰማል?» አለች።

ጡቷን ከነሥሩ አወጡት፤ ተረፈች። ቁስሉ እስኪሽር ድረስ እየተመላለስን አስጠረግነው። ቤት ስትመለስ ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ አላት፤ ስለዚህ እሷ ትነክራለች፣ እኔ እሰቅላለሁ። እንዲህ ሆነን ከአንድ ፋሲካ አልፈን ሁለተኛውን በላን። ጊዮርጊስ በዓል ላይ ቆማ ስታስቀድስ ያያት ሁሉ ጉድ ይል ነበር። ጎረቤታችን ለሰው ስታሳያት፣ «ይህችን የምታዩዋት ሴት፣ ግማሿ እሷ ናት፣ ግማሿ ያቺ ናት» እያለች ወደ እኔ ትጠቁማለች። እትዬ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ትጎትታለች።

ከዚያ በጠባሳው ሥር እንደ ሽምብራ ያለ ነገር ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። እናቴ ለእኔ ብቻ አሳየችኝ፤ እኔም ይዣት ሄድሁ። ሐኪሙ ዳበሰና እጁን ታጠበ። አሁን ቢላዋ አይረዳትም አለ። እሷ ልብሷን ስትለብስ እኔ በረንዳው ላይ አስተርጓሚውን ያዝሁት። አማርኛው ያኔ ተሽሎት ነበር።

«ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የተመለሰው በእኔ ደም ነው?»

ጠየቀልኝ። ሐኪሙ ፈጥኖ «አይደለም» ይለኛል ብዬ ነበር። አላለም። ቆሞ አሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ልጁም ቀስ ብሎ ተረጎመው።

«ደሙን የሰጠናት ከእኔ ቢላዋ እንድትተርፍ ነው እንጂ ከበሽታው እንድትድን አይደለም ይላል። ደም የነቀርሳ መድኃኒት አይደለም። ያን ቀን ደምሽን ባታገኝ ኖሮ ያን ቀን ትሞት ነበር፤ ይህን አውቃለሁ ይላል። ነቀርሳው የተመለሰው ከሥሩ ጥቂት ሳይወጣ ቀርቶ ይመስለኛል። የሰው ደም በሌላ ሰው ገላ ውስጥ ገብቶ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠራ ግን ሁሉን አውቃለሁ ብልሽ ዋሸሁሽ ይላል።»

ይህን መልስ ለብዙ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ «አይደለም» ብሎኝ ቢሆን እያልሁ ረግሜዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ነገር ሁሉ ውስጥ ያልዋሸኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ ትራመድ ነበር። ምን እንደጠየቅሁት አውቃለች መሰለኝ። «ሁለት ፋሲካ በላሁ» አለችኝ። መልስ ብሰጥ አለቅስ ነበር፣ ያ መንገድ ደግሞ ሰው ይበዛበታል።

ያን መልስ በግልጥ ለእትዬ ነገርኋት፤ የወለደቻት ስለሆነች ማወቅ ይገባታል ብዬ ነው። ከነገርኋት ሁሉ ያስቀረችው መጨረሻውን ብቻ ነው። «ምን እንደሚሠራ አላውቅም ብሏል» እያለች ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ታወራ ጀመር። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። እናቴ ስታሸልብ ከጓዳ እሰማ ነበር፤ «የማን ደም እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?» ትላለች። እናቴ ትሰማት እንደሆነ አላውቅም። ከመሞቷ በፊት ባሉት ቀናት የእኔን እጅ ይዛ፣ የእትዬንም እጅ ይዛ ነበር፤ ሁለታችንም እጃችንን ሰጠናት፣ ዓይናችንን ግን ለየብቻ አኖርነው።

በአርባው ዳስ ተጣለ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ተቀመጡ፣ ሰው በላ፣ ጠላው ዞረ። እኔ እንደ ልጅ ወገቤን ታጥቄ ወጥ አወጣ ነበር። አንዲት ከአገር ቤት የመጣች ዘመድ አየችኝና «ይህች ሁለተኛዋ ልጇ ናት?» ብላ ጠየቀች። ክፉ አልጠየቀችም። እትዬ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ያን ቃል ተናገረች። ጭልፋው በእጄ ነበር።

ባላምባራስ ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ደሙ በሽማግሌ ደርቋል ብለው በሐኪም ቤት በረንዳ ላይ ዱላ ያነሡት ሰው ያን ቀን ዋንጫቸው ውስጥ ዝንብ የገባ ይመስል አቀርቅረው ቀሩ። የንስሐ አባቷ ነበሩ፤ ክንድ አይጾምም ያሉት። ዳዊታቸውን ገለጡ። ምላሷ የማይታሰረው ጎረቤታችን እንኳ ያን ቀን ምላሷ ታሰረ። ከእትዬ ይልቅ እነሱን ነው ያልረሳኋቸው። እሷስ ቁስል ነበረባት።

ጭልፋውን ድስቱ ላይ አስቀመጥሁ። «እናቴ ነበረች» አልሁ። ድምፄ ዳሱን አልሞላም፤ የሰማ ሰምቷል። የለበስሁትን ጥቁር ሳልለውጥ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ይህ ነው። ከገበያው ሥር አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ካስማ መትቼ ጧፍ ሠራሁ። ወደ ሐኪም ቤቱ ሄጄ አስተርጓሚውን፣ ደሙ ከእኔ ደም ጋር የሚስማማ ሲመጣ ጥራኝ አልሁት። ጠራኝ፤ ሰጠሁ። በወሊድ ደሟ ያለቀ አንዲት ሴት ተነሥታ ሄደች፤ ሽንኩርት ስትሸጥ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ሆዱን የተቀደደ አንድ ሰው ከሰጠሁት በኋላ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሚስቱ እጄን ሳመች። አንገቷ ላይ እባጭ ያወጡላት ሴት ቆይታ ሞተች። ሌላዋ፣ እንደ እናቴ ጡቷን የቆረጧት፣ ጣልያን ከወጣም በኋላ በሕይወት ነበረች። ያው አንድ ደም ነው። ምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም።

እትዬ ዓመት ቆይታ ለዕርቅ ሽማግሌ ላከችብኝ። ባላምባራስም አብረው መጡ። ምሳ አበላሁና እንደ መጡ መለስኋቸው።